ከማንኛውም እንስሳ ጋር ግንኙነት የሌለው ጥንቸል

ቱንዮ በሕይወቱ አምርሮ የሚጠላው አንድ ፍጥረት ቢኖር ፍልፈል ነው። የሳቫ ወንዝ እንኳ በየጥቂት ዓመቱ ተነሥቶ መንደሩን ልዋጥ ሲል፣ ቱንዮ የሚያየው እንደ አስቸጋሪ ዘመድ ነው፤ ይሰድበዋል እንጂ አይጠላውም። ፍልፈል ግን ግድብ ይቦረቡራል። ስለዚህ በያሴንያቻ መንደር አንድ ሽበታም ሰውዬ በማለዳ በአፈር ግድቡ ላይ ተንበርክኮ ወደ ጉድጓድ ውስጥ ሲሳደብ ብታዩ፣ ነካ ያደረገው እንዳይመስላችሁ። ሥራው ላይ ነው።

ሥራው የውሃ ጠባቂነት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው ልክ በአንድ ሰዓት፣ ወንዙ ዳር የተተከለውን የከፍታ መለኪያ ያነባል፤ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደውን ግድብ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በዱላው እየነካካ ይጓዛል። ሣሩ ካደገ ያሳጭዳል፣ ጉድጓድ ካየ ይደፍናል፣ በግድቡ ላይ ትራክተር የሚነዳ ካገኘ ደግሞ መንደሩ እስኪሰማ ይጮኻል። ሚስቱ ማንዳ፣ «የመጀመሪያዋ ሚስቱ ግድቡ ናት፤ እኔ ከእሷ የተረፈውን ነው ያገኘሁት» ትላለች። ይህን የምትለው እሱ በሚሰማበት ቦታ ነው፤ እሱም ፈጽሞ አስተባብሎ አያውቅም።

ከወንዙ ማዶ፣ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ራኪታ የሚባል መንደር አለ። አሁን ሌላ አገር ነው። በዚያኛው ግድብ ላይ የሚሄደው ራሲም ይባላል። ሁለቱ ሥራ የጀመሩት አገሩ አንድ በነበረ ጊዜ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ጀልባ ነው። ከዚያ አገሩ ተከፈለ፤ ጦርነቱም መጣ፤ አራት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም። ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን የመጀመሪያው ከፍተኛ ውሃ ሲመጣ፣ ራሲም ከማዶ ሆኖ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ።

«ቱንዮ! መለኪያው ስንት ደርሷል?»

ቱንዮ ቁጥሩን ጮኾ ነገረው። እርቃቸው ይኸው ነበር፤ ሌላ ሽማግሌ አላስፈለገውም።

ልዩነቱ፣ ቱንዮ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሲቀጥል የራሲም የሥራ መደብ የት እንደገባ መጥፋቱ ነው። በእነ ራሲም በኩል ግድቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሣሩ የሌላ ነው፤ ግድቡ ላይ ያለው መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ አደጋ ሲመጣ ደግሞ ሦስቱም ሌላ አራተኛ መሥሪያ ቤት ይጠቁማሉ። ራሲም በጡብ ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ግድቡን መዞር ግን አልተወም። ለምን እንደሆነ የሚጠይቀው ሰው ካለ፣ «ልማድ ነው፤ ሰው በዚህ ዕድሜው ሲጋራ መተው ያቅተው የለ?» ይላል።

እንግዲህ ስለ ጥንቸሉ ላውራ።

ውሃው ወደ ግድቡ አናት ሲቃረብ፣ በአናቱ ላይ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ሁለት ሦስት ረድፍ ይደረደራል። ቁመቱ ከጉልበት አይበልጥም፤ መንደር ግን ያድናል። በእኛ አካባቢ፣ በዚህኛውም ዳር በዚያኛውም፣ የዚህ ስም «የጥንቸል ግድብ» ነው። ለምን ጥንቸል እንደተባለ የሚያውቅ የለም፤ አውቃለሁ የሚል ግን ሞልቷል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በትልቁ ውሃ ጊዜ፣ የያሴንያቻ ጥንቸል ግድብ በጊዜ ተደረደረና መንደሩ ዳነ። አራት ሺህ የተሞላ ጆንያ ተረፈ። ማዶ ራኪታ ጆንያ አልቆባቸዋል። ቱንዮ ሁለት ከባድ መኪና አስጭኖ፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ወርዶ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው ድልድይ ላይ ደረሰ። ጉምሩክ ላይ የነበረው ዝላትኮ የሚባል ረጅም ሰውዬ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቅጽ ግን ነበረው።

«የአሸዋው የትውልድ አገር የሚለው ባዶ ነው» አለ ዝላትኮ።

«ከሳቫ መሃል ነው የወጣው!»

«ከየትኛው ወገን መሃል?»

«ውሃውን ጠይቀው!» አለ ቱንዮ፤ ዝላትኮ ግን ውሃውን ሳይሆን ዋና ከተማውን ነበር በስልክ የሚጠይቀው። ላብ እያጠመቀው ሲደውል ዋለ። ወረቀቱ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት መጣ። ቱንዮ በዚያ ሰዓት መኪኖቹን እንደተጫኑ ይዞ ወደ ራሱ ግድብ ተመልሶ በርቀት ማያ መነጽሩ ማዶ ማዶውን እያየ ነበር። የራኪታ ግድብ በዐይኑ ሥር ተከፈተ። መጀመሪያ የክር ያህል ቀጭን ነበር፤ ከዚያ ሁለት ላም ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ሆነ። ከኋላው አራት ሺህ ጆንያ ነበር። ይህን ለማንዳ ብቻ ነው የነገራት፤ ሲነግራትም አለቀሰ።

በራሲም ቤት ውሃው እስከ ግድግዳ ሰዓቱ ደረሰ። የራሲም ሚስት ሐይራ በበጋው ቤቱን ሁሉ ኖራ ስትቀባ፣ ከሰዓቱ ሥር ያለችውን ቡናማ መስመር ግን ተወቻት። «የመጣ ሰው ይያት» አለች። ቱንዮ በየዒዱ ሊጠይቃቸው ሲሄድ፣ ጀርባውን ለዚያ ግድግዳ በምትሰጠው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ዐይኔን ይወጋኛል ብሎ ነበር ምክንያቱን የተናገረው። ራሲምም ሆነ ሐይራ አንድ የወቀሳ ቃል ተናግረውት አያውቁም። ቢወቅሱት ይሻለው ነበር።

ቱንዮ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ሲቀረው፣ በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣለት። ሁለቱ አገሮች በአውሮፓ ሰዎች እገዛ የጋራ የጎርፍ ደንብ እያረቀቁ ነው፤ ረቂቁ ለጠባቂዎች ሁሉ ተልኳል፤ አስተያየት በአምስት ቀን። ሌሎቹ ጠባቂዎች ምድጃ ለኮሱበት። ቱንዮ ግን የማንዳን መነጽር ተውሶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ቆመ።

«ማንዳ! ስሚ! ‹ጎርፍ በታወጀ ጊዜ በዚህ ደንብ ለተዘረዘሩ የመከላከያ ሥራዎች የሚውል ዕቃና ሰው ያለ ጉምሩክ ሥነ ሥርዓት ድንበር ይሻገራል!›»

«ተቀመጥ፣ መነጽሬን ትሰብረዋለህ።»

«ያለ ጉምሩክ፣ ማንዳ!»

ከዚያ ዝርዝሩን ፈለገ። ዋናው ግድብ አለ። ሁለተኛው ግድብ አለ። የውሃ መሳቢያ ጣቢያ አለ። የጥንቸል ግድብ የለም። ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠ። በመጨረሻ ምዕራፍ ሰባት ውስጥ አገኘው። የምዕራፉ ርዕስ «የዱር እንስሳት ጥበቃ» ይላል።

«‹የጥንቸል ግድብ›» ብሎ አነበበ ቱንዮ፣ ድምፁ እየሰለለ፣ «‹በጥንቸሎች የመራቢያ ወራት፣ ከየካቲት እስከ ነሐሴ፣ መሥራት የተከለከለ ነው። በሌሎች ወራት በሁለቱም አገር የአዳኞች ማኅበራት የጽሑፍ ፈቃድ ሲገኝ ይሠራል።›»

ማንዳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እንባዋ እስኪወርድ ጠረጴዛውን ደበደበችው። ቱንዮ አልሳቀም። ውሃው የሚመጣው በግንቦት ነው። የጥንቸል ግድብ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ጆንያው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ተራ አሸዋ ነው። ተራ አሸዋ ደግሞ የትውልድ አገር አለው። በስምንት ወር ውስጥ እሱ ይወጣል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ያን ቀን አላየም።

በማግሥቱ ለአለቃው ደወለ። አለቃው ገና ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነው፤ «ግሩም አስተያየት ነው አቶ ቱንዮ፣ በቅጹ ላይ ይሙሉልኝ» አለው። ቅጹ የምዕራፍ ቁጥር፣ የታቀደ ማሻሻያና ሳይንሳዊ ምንጭ ይጠይቃል። ቱንዮ ሳይንሳዊ ምንጭ በሚለው ላይ «ራሲም፣ ከራኪታ» ብሎ ጻፈ። መልስ አልመጣም። ስለዚህ ለራሲም ደወለ።

«እናንተስ ረቂቁ ደርሷችኋል?» አለው።

«ለእኔማ ማን ብሎኝ? እኔ ማን ነኝ? ማዘጋጃ ቤት ተለጥፎ ግን አይቼዋለሁ። ለእኛ በሦስት ቋንቋ ነው የተተረጎመልን፤ በስም ሦስት፣ ሲነገሩ አንድ።»

«ሦስቱም አንድ ነው የሚሉት?»

«ሦስቱም ጥንቸል ነው የሚሉት። ሦስት የተለያዩ ጥንቸሎች ናቸው እንግዲህ፣ አክብርልን።»

«ራሲም፣ አትቀልድ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ማዘጋጃ ቤታችሁ ውስጥ የመጨረሻው የሕዝብ ስብሰባ ነው። አርብ ይፈረማል።»

«ጢሜን ልላጭ?» አለ ራሲም።

«ተላጭ።»

ሐሙስ ዕለት ሁለቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሰው ሲያያቸው ልጅ ሊድሩ የመጡ አማቾች መሰሉት። ከመድረኩ ላይ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኔቬንካ አለች፤ ከእኛ ዋና ከተማ የመጣች የሕግ ባለሙያ፣ ሰዓቷን በየደቂቃው የምታይ። ከጎኗ የወዲያኛው አገር ጠበቃ፤ ከእሱ ቀጥሎ ረቂቁን የጻፈችው ቪለሚን የምትባል የሆላንድ መሐንዲስ፣ ከነአስተርጓሚዋ። ሆላንዳዊቷ በአምስት አገር እንዲህ ያለ ደንብ አርቅቃለች ይባላል። መልካም ሴት ትመስላለች፤ በጫማዋ ላይ ጭቃ ስለነበረ ቱንዮ ወደዳት።

ዕድል ሲሰጠው ተነሣና የተዘጋጀበት ንግግር ሁሉ ከራሱ ላይ ጠፋ።

«ጥንቸል የለም» አለ።

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሆላንዳዊቷ በኀዘን ራሷን ነቀነቀች፤ ጥንቸሎቹ ያለቁ መስሏት ነው።

«የለም ስል... አለ፤ ሜዳው ላይ አለ። ደንቡ ውስጥ ነው የሌለው። ማለቴ ደንቡ ውስጥ ነው ያለው፤ መኖር ግን የለበትም!»

ራሲም ኮቱን ጎተተው። «ተቀመጥ፣ እያባስከው ነው» አለና እሱ ተነሣ። «ክቡራን፣ የጥንቸል ግድብ ማለት ጆንያ ነው። የአሸዋ ጆንያ። ስሙ ነው እንጂ ጥንቸል የሚባል ነገር አጠገቡ ደርሶ አያውቅም።»

ከኋላ የአዳኞች ማኅበር ተወካይ ብድግ አለ፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጥንቸል የሚያስብ መንግሥት አገኘን ስንል ልትሰርዙብን ነው?»

ወይዘሮ ኔቬንካ ሰዓቷን አየች። «ታዲያ ከጥንቸል ጋር ካልተገናኘ ለምን ጥንቸል ተባለ?»

ይህን መጠየቅ አልነበረባትም።

«ውሃ ሲመጣ ጥንቸሎች ሸሽተው ግድቡ አናት ላይ ስለሚሰበሰቡ ነው» አለ ቱንዮ።

«ምን? በፍጹም!» አለ ራሲም። «ጥንቸል የምትዘለው ቁመት ስለሆነ ነው።»

«አባቴ ነው የነገረኝ!»

«አባትህ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ስለ ጥንቸል ግን ምንም አያውቁም ነበር!»

«አሁን ምንም ግንኙነት የለውም ብላችሁን አልነበረም?» አለ የወዲያኛው አገር ጠበቃ፤ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ። ቱንዮ አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀው ነገር እዚሁ፣ ዐይኑ እያየ፣ በሳቅ ሊያልቅ ነው። የራኪታ ግድብ እንደዚያ ቀን እንደገና የተከፈተ መሰለው።

ሆላንዳዊቷ ግን አልሳቀችም። ወደ አስተርጓሚዋ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። «አሳዩኝ ትላለች» አለ አስተርጓሚው።

በቱንዮ መኪና ውስጥ ምንጊዜም አሥራ ሁለት የተሞላ ጆንያ አይጠፋም፤ ማንዳ ገበያ ስትሄድ ሽንኩርቷን የምታስቀምጥበት ያጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ኋላ ያለው ግድብ ላይ ሁሉም ወጡ፤ ወይዘሮ ኔቬንካም በተረከዘ ረጅም ጫማዋ። ሁለቱ ሰዎች ኮታቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ አኖሩ። አብረው ጆንያ ከደረደሩ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ቱንዮ ጆንያውን ያነሣል፣ ራሲም ይቀበለዋል፤ አፉን ወደ ሥር አጥፎ ያስተኛዋል፣ በእግሩ ይረግጠዋል፤ ቀጣዩን እንደ ጡብ ግማሹን በግማሹ ላይ ያሳርፈዋል። እጃቸው ምንም አልረሳም ነበር። ቱንዮ ደስ አለው፤ በዚያች ሰዓት ደንቡንም ረስቶት ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

ሆላንዳዊቷ ተንበርክካ ጆንያውን በእጇ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«በእኛ አገር ይህን ሣጥን እንለዋለን» አለች በአስተርጓሚዋ በኩል። «በዚህ አያያዛችን ቢተረጎም ኖሮ የአናጺዎች ማኅበር ፈቃድ ይጠየቅበት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ወሰድኩ እንጂ ከሚሠሩት ሰዎች አልጠየቅሁም።»

ወይዘሮ ኔቬንካ እዚያው፣ ብዕሯን ከፍታ፣ ቃሉን ከምዕራፍ ሰባት ሰርዛ ወደ ዝርዝሩ አዛወረችው። «ሌላ አለ?» አለች፣ ለወጉ ያህል።

«አለ» አለ ቱንዮ። አሁን አንደበቱ ተፈትቷል። «አንቀጽ አሥራ አራት ‹የወዲያኛው ዳር ሕጋዊ ጠባቂ ሲጠይቅ› ይላል። በእኔ ዳር ሕጋዊው ጠባቂ እኔ ነኝ። በወዲያኛው ዳር ማን ነው የሚጠይቀኝ?»

ሁሉም ወደ ጠበቃው ዞረው አዩት። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኛ አወቃቀር የተለየ ነው። አራት መሥሪያ ቤቶች በጋራ...»

«አራቱም ስልክ ያነሣሉ?»

ጠበቃው ሐቀኛ ሰው ነውና፣ «አያነሡም» አለ።

ሆላንዳዊቷ ወደ ራሲም ዞረች። «የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«ጡረተኛ ነኝ፣ እመቤቴ።»

«ግድቡን እንዲጠብቁ ማን ሾመዎት?»

«ማንም።» ራሲም ሣሩ ላይ ያለውን ኮቱን እያነሣ አራገፈው። «ሣሩ ሲያድግ ሳየው አያስችለኝም።»

እዚያ ግድብ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። ጠበቃው፣ በእኛ አገር የጠባቂ መደብ ፍጠሩ ብትሉን ፓርላማው እስኪያጸድቀው እኔም ጡረታ እወጣለሁ አለ። ወይዘሮ ኔቬንካ፣ በእኛ አገር ደግሞ ያልተቀጠረ ሰው ፊርማ ዋጋ የለውም አለች። ሆላንዳዊቷ ሁለቱንም ሰማች፤ ለሁለቱም አንድ ልክ ጫማ መስፋቱን ተወችው። በመጨረሻ የተስማሙበት ቃል ይኸው ነው፦ «እያንዳንዱ አገር በራሱ ሥርዓት በስሙ የሚያስመዘግበው፣ በግድቡ ላይ የሚገኝ ሰው።» በአንዱ አገር መሥሪያ ቤቱ ይቀጥረዋል፤ በሌላው ማዘጋጃ ቤቱ ከነዋሪዎች መካከል በስሙ ይመዘግበዋል። ድልድዩ ላይ የሁለቱም ቃል እኩል ነው።

አርብ አልተፈረመም፤ የሚተረጎም ነገር ተጨምሯላ። በጥር ተፈረመ። የትርጓሜው ክፍል ላይ፣ ሌላው ሁሉ ስለማይጨበጥ ነገር በሚያወራበት ገጽ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «የጥንቸል ግድብ ማለት ውሃ እንዳያልፍ በግድብ አናት ላይ በአሸዋ ጆንያ ለጊዜው የሚሠራ ግንብ ነው፤ ከማንኛውም እንስሳ ጋር ግንኙነት የለውም።» ቱንዮ ገጿን ቀዶ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፋት። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያነበበ ስለሚያሰማ፣ ማንዳ ከልጅነት ጸሎቷ እኩል በቃሏ ይዛታለች።

ግንቦት ላይ ውሃው መጣ።

ቱንዮ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሳቫ በሦስት ቀን አራት ሜትር ጨመረ፤ የወጣትነት ጉልበቱን አገኘ፣ ግንድና የዶሮ ቤት እየገፋ መውረድ ጀመረ። በያሴንያቻ ጆንያው ተደረደረና መንደሩ ተረፈ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል የቱንዮ ስልክ ጮኸ።

«እኔ በራኪታ ግድብ ላይ፣ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ተራ ቁጥር አንድ በስሜ የተመዘገብኩ...»

«ራሲም?»

«አታቋርጠኝ! በሕግ ነው የማወራው! ...የተመዘገብኩ ሰው ስሆን፣ በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት ሦስት ሺህ ጆንያ እጠይቃለሁ።» ትንፋሹን ሳበ። «ቱንዮ፣ በድሮው ቦታ ነው። በዚያው። አንድ ክንድ ነው የቀረው። ቶሎ በል።»

ቱንዮ ከመጀመሪያው መኪና ሹፌር ጎን ተቀመጠ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ከመኪናው ወረደ። የኬላው መቀርቀሪያ ተዘግቷል፤ ከመቀርቀሪያው ጎን የቆመው ራሱ ዝላትኮ ነበር፤ ሸብቷል፣ ሌላው ሁሉ ያው ነው። ሁለቱ ተያዩ። ያን ቀን የረሳ ከሁለቱም አልነበረም።

«ምን ጭነሃል?» አለ ዝላትኮ።

«ጥንቸል» አለ ቱንዮ፤ ለምን እንዲህ እንዳለ አያውቅም።

ዝላትኮ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋው። ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬደ። «‹ከማንኛውም እንስሳ ጋር ግንኙነት የለውም›» ብሎ አነበበ። ከዚያ ቀና አለ፤ ዐይኑ እርጥብ ነበር። «የትውልድ አገር አልጠይቅህም። ሂድ። ምን ይገትርሃል፣ ሂድ እንጂ!»

መቀርቀሪያው ተነሣ። ቱንዮ ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

በራኪታ ግድብ ላይ መንደርተኛው በሙሉ ተሰልፎ ነበር። ቱንዮ ያነሣል፣ ራሲም ይቀበላል፤ አፉን ወደ ሥር፣ ግማሹን በግማሹ ላይ፣ በእግር ረገጥ። ከቀትር በኋላ ውሃው የመጀመሪያውን ረድፍ ነካ። ከዚያ ወጣና ግማሹን አረጠበው። በዘጠኝ ሰዓት ራሲም ጆንያው ላይ በጥፍሩ ያሰመራትን ምልክት አየና፣ «ቆመ» አለ። በአሥራ አንድ ሰዓት ምልክቷ ደርቃ ነበር።

ያኔ ነው ቱንዮ ቀና ብሎ ማዶውን ያየው። በጎርፍ ቀን የራሱን ቤት ከዚህኛው ዳር አይቶት አያውቅም። ትንሽ ነች። ማንዳ አጥሩ ላይ ሆና የጠረጴዛ ልብስ ታውለበልባለች።

ሐይራ ሁለቱንም ጭቃቸውን እንኳ ሳታስታጥብ ወደ ቤት አስገባቻቸው። በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ትኩስ የድንች ፒታ በትሪ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቱንዮ እንደ ልማዱ ወደዚያች ወንበር፣ ጀርባውን ለግድግዳው ወደምትሰጠው ሄደ። ሐይራ ወንበሯን በእጇ ያዘቻት።

«እዚያኛው ላይ ተቀመጥ» አለች።

«ብርሃኑ ዐይኔን...»

«ቱንዮ፣ አሥራ ሁለት ዓመት እንዴት እንደምትቀመጥ ያላየሁ መሰለህ? እኔ መስመሯን የተውኳት ለአንተ አልነበረም። ቀና ብለህ ብላ።»

ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ ሰዓቱ አለ፤ ከሰዓቱ ሥር መስመሯ አለች፤ ከመስመሯ ሥር ግድግዳው እስከ ወለሉ ነጭና ደረቅ ነው። ፒታውን በእጁ እንደያዘ መስመሯን አየ። ራሲም ሁለት ቁራሽ ጨርሶ ሦስተኛውን አንሥቷል።

«እኔ የምለው» አለ ራሲም አፉ እንደሞላ፣ «የጥንቸል ግድብ የተባለው ጥንቸል የምትዘለው ቁመት ስለሆነ ነው።»

«ግድቡ ላይ ስለሚሰበሰቡ ነው» አለ ቱንዮ፤ ከዚያ መብላት ጀመረ።